ሹሩባ የተሠራው የአውሮፕላን እግር

ጎማ እንደ ጤና ነው፤ ሲጠፋ ነው ስሙ የሚነሳ። ሰው ተሰብስቦ ስለ ሞተር ያወራል፣ ስለ ፍጥነት ያወራል፣ ስለ ክንፍ ያወራል። «ለመሆኑ ጎማው እንዴት አደረ?» የሚል አንድ ሰው አላጋጠመኝም። እኔ ራሴ መካኒክ ሆኜ አልጠየቅሁም። ባለመጠየቄ ምን እንዳገኘኝ ልንገራችሁ።

ጊዜው ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። አንበጣ የት እንዳረፈ በአየር እየዞረ የሚያይ መሥሪያ ቤት ነበረን። አውሮፕላን ነጂው ካፒቴን ይልማ፣ መካኒኩ እኔ። ሥራውን የለመድኩት ጎንደር አንድ የከባድ መኪና ጋራዥ ውስጥ ነው፤ አውሮፕላን ማለት መሬት ያስጠላት መኪና ናት ብዬ ስለማምን ልዩነቱ ብዙም አላስጨነቀኝም።

አውሮፕላናችን ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ገላዋ ቀለም በጠጣ ጨርቅ የተለበጠ፣ ከእኔ በፊት ብዙ መካኒክ ያሳለፈች አሮጊት ነበረች። ብረቷ ደህና ነው። ሞተሯም በማለዳ ካላስቆጧት አትከፋም። ያረጀው ላስቲኳ ነው። የበሯ ጎማ ተፍቆ ስላለቀ ነፋስ እንዳይገባ የተቀደደ ጋቢ ጠቅጥቄበታለሁ። የጅራቷ ጎማ እንደ ገበሬ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ከሁሉ የባሰው ግን የእግሯ ነገር ነው። እንዲህ ያለች ትንሽ አውሮፕላን ስታርፍ እግሮቿ ወደ ጎን ከፈት ይሉና ተመልሰው ይሰበሰባሉ። የሚሰበስባቸው በእያንዳንዱ እግር ላይ የተጠመጠመ ወፍራም የላስቲክ ገመድ ነው። ጅማቷ በሉት።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ከወረታ ፈቀቅ ብለን ፎገራ ውስጥ ቁሐር ሚካኤል ሜዳ ላይ አረፍን። አንበጣ አይታችኋል ወይ ብለን ጠይቀን ልንነሳ ነበር። ሜዳው ጠፍጣፋ፣ ሣሩ ድርቅ ያለ፣ ከብቱ ዳር ዳሩን የሚግጥ፣ ለማረፍ የተሠራ ይመስላል። መሬት ስንነካ ከሥራችን «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ አውሮፕላኗም እግዜር የጠራት ይመስል በአንድ ጉልበቷ ተንበረከከች።

ካፒቴን ይልማ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። አንድ ጊዜ አየር ላይ ሞተሩ ቢጠፋ «ፀጥ አለ እኮ» ብሎ በመስኮት ያየ ሰው ነው። አሁንም በተንጋደደ ወንበሩ ላይ ተንጋዶ «ምንድን ነው?» አለኝ።

«የቀኝ እግሯ ላስቲክ ተበጠሰ።»

«መለዋወጫ አለን?»

«አለን እንጂ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ወርጄ ሣጥኑን ከፈትኩ። እውነትም መለዋወጫው ነበር። አውጥቼ ትንሽ ሳብ ባደርገው እንደ ደረቅ ቂጣ ቀጭ ቀጭ አለ። መለዋወጫው ከተበጠሰው ይልቅ በዕድሜ ይበልጥ ኖሯል። ሽማግሌ ሞቶበት ቅድመ አያቱን እንደ መተካት ነው።

ካፒቴኑ ወረታ ወጥቶ ለመሥሪያ ቤታችን ስልክ ደወለ። ሲመለስ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። «ላስቲኩ አገር ውስጥ የለም። ከባሕር ማዶ ይታዘዛል። ከመስቀል በኋላ ይደርሳል ብለዋል።»

ይህን ስንነጋገር የደብሩ መሪጌታ ፈንታ መቋሚያቸውን ተደግፈው አጠገባችን ቆመው ነበር። ሰው ሁሉ ክንፏን ሲዳብስ እሳቸው ያዘኑት ለመንበርከኳ ነው።

«ልጆቼ» አሉ፣ «ይህ ሜዳ ሜዳ የሚሆነው እስከ ሰኔ እኩሌታ ነው። ከዚያ ወዲያ ርብና ጉማራ ሞልተው እዚህ ላይ ነው የሚተቃቀፉ። እኛ ጎረቤት የምንጠይቅ በታንኳ ነው። ለመሆኑ ይህች ትዋኛለች?»

«ሞክራ አታውቅም» አለ ካፒቴኑ።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አውሮፕላኗ የምትተርፈው ዝናቡን ከቀደምነው ብቻ ነው። ካልቀደምነው ጣና ዓሣ ሲያጠምዱ ክንፏን የሚያወጡ ሰዎች ይኖራሉ፤ እኔም ወደ ከባድ መኪናዬ እመለሳለሁ፤ ያውም ከተቀበሉኝ።

መሪጌታ መለዋወጫውን ላስቲክ ተቀብለው አገላበጡት። «ይኸ ምን ሆኖ ነው የሚንቋቋ?»

«ድርቀት ነው፣ የኔታ።»

«ድርቀት ከሆነማ ወንዛዬ ነዋ። ስንት የደረቀ ጉልበት የፈታ ውኃ ነው።»

ሳቅ አልኩ። ካፒቴኑ ግን አልሳቀም። «ሌላ ሐሳብ አለህ?» አለኝ። ላስቲኩን በነጠላ ጠቅልዬ፣ በቅሎ ተውሼ፣ የአውሮፕላን ጅማት ፍል ውኃ ላስገባ ወደ ወንዛዬ ወረድኩ። ከአውሮፕላን ወደ በቅሎ መውረድ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ የወረደ ነው።

ወንዛዬ ሰው እስከ አንገቱ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ በሽታውን ያወጋል። እኔም ልብሴን አውልቄ፣ ጥቅሌን አቅፌ ገባሁ። አጠገቤ የነበሩ አንድ ፂማም ሽማግሌ አየት አደረጉኝ።

«ምንህን ነው፣ ልጄ?»

«እኔ ደህና ነኝ፣ አባቴ። የታመመው ይኸ ነው።»

ጥቅሌን ፈታሁ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩት። «ምን ይባላል?»

«የአውሮፕላን ጅማት ነው። ደርቆብን ነው።»

እንደ እብድ ያዩኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሌሎቹ በሽተኞች ዞር አሉና «ጠጋ ጠጋ በሉለት። እሱም እንደኛው በጅማት ነው የመጣ» አሉ። ለላስቲኩ ውኃው በደንብ ከሚፈላበት በኩል ቦታ ተለቀቀለት። አንዲት ሴትዮማ ስሙን ጠየቁኝ፤ ሲጸልዩ ሊያስቡት።

ሲመሽ አውጥቼ ነካ ነካ አደረግሁት። እውነትም ለስልሷል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሳብኩት፤ ተሳበ። ለቀቅሁት፤ ቀረ። ረዝሞ፣ ልምሾ ሆኖ፣ እንደ ታጠበ አንጀት እጄ ላይ ተንጠለጠለ። ወንዛዬ ድርቀቱን አድኖለታል፤ ግን ሲድን ጠባዩም አብሮ ሄዷል። ላስቲክ ሄዶ ካልተመለሰ ላስቲክ አይባልም፤ ሄዶ መቅረትን ማንም ያውቅበታል።

በማግስቱ ተመልሼ ለካፒቴኑ አሳየሁት። «ገላውን ታጥቦ መጣ እንዴ?» አለ።

የቀረን የመኪና ካላማዳሪያ፣ በጎማው ውስጥ አየር የሚሞላው ላስቲክ ነው። ወፍራሙን ካላማዳሪያ በቀጭን በቀጭኑ ቀዶ፣ ብዙውን አንድ ላይ አስሮ ገመድ ማድረግ ይቻል ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ወረታ መንገድ ዳር ቆሜ ከባድ መኪና መጠበቅ ጀመርኩ። የሚያልፈው ሁሉ ሲስቅብኝ ዋለ። ለአውሮፕላን ነው ስላቸው ጭራሽ መኪናቸውን አፍጥነው ይሄዳሉ። በመጨረሻ ቆሞ የሰማኝ ደርሶ የሚባል ሾፌር ነው። የመኪናውን አፍንጫ በቀይ ቀለም ያስጌጠ፣ ጢሙን በቅቤ ያሾለ ወጣት ነው።

«ካላማዳሪያስ አለኝ» አለ። «ግን እኔም አንድ ነገር እፈልጋለሁ።»

«ምን?»

«አንበሳሜ የምወዳት ልጅ አለች። አባቷ ሾፌር ሥር የለውም፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው ብለው ከለከሉኝ። በገበያ ቀን አንበሳሜ ላይ ዝቅ በሉና ስሜን ከሰማይ ጥሩልኝ። ስሜ ከላይ ሲጠራ ከሰሙ ያከብሩኛል።»

ካፒቴኑ ሲነገረው «ከዚህ የባሰም ጥያቄ ሰምቼ አውቃለሁ» አለ። ካላማዳሪያው የእኛ ሆነ።

ቀድጄ ቀድጄ አሰርኩት። ከዳር አስሬ ስስበው ከመሐል ይበተናል፤ ከመሐል ባስር ከዳር ይሾልካል። የእባብን ጅራት አስሮ ራሱን እንደ መጠበቅ ነው። መሬታቸው ላይ ያረፍንባቸው እትዬ የሺ የሚባሉ ሴትዮ ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ ቆመው አዩኝ። በሸካራው እጃቸው ላስቲኩን ወሰዱና «ይኸ እስር አይደለም የሚፈልግ። ሹሩባ ነው» አሉ።

ካፒቴኑ ቀረብ አለ። «ምን ዓይነት ሹሩባ፣ እትዬ የሺ?»

«የሙሽሪትን ነዋ። ልትሄድ አይደል እንዴ?»

እሳቸው ዱካ አምጥተው ተቀመጡ። የላስቲኩን ጫፍ የሚይዝ ሰው ስላስፈለገ እኔ እግራቸው ሥር እንደ ኮረዳ ቁጭ አልኩ። ይጎነጉናሉ፤ ላስቲኩ ይነጥራል፤ በነጠረ ቁጥር የእኔን ጆሮ ይመታል፤ እኔ ስንቀሳቀስ ደግሞ እሳቸው ራሴን በጣታቸው ቋ ያደርጉኛል። «ቁጭ በል ብያለሁ። ፀጉርም እንዲህ አላስቸገረኝ።» ከብት ውኃ ሊያጠጣ የሚሄደው ሁሉ እየቆመ ያይ ነበር። አንዱ «ምነው፣ ለማን ሊድሩት ነው?» ብሎ አለፈ።

ሲያልቅ ግን የሚያስደንቅ ነገር ነበር። ወፍራም፣ ጥብቅ ያለ፣ ለዓይን የሚያምር። አንድ ችግር ብቻ ነበረው፤ ካላማዳሪያው ልጥፉ ስለ በዛ የተለጠፈበት ማስቲሽ እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። ጋራዥ እያለሁ ጎማ እንዳይጣበቅ ነጭ ዱቄት እንነሰንስበት ነበር። ያን ዱቄት ከወዴት ላምጣ? ስንቄ ውስጥ ጨው ያለበት በሶ ነበረኝ። ላስቲኩን በበሶ አሽቼ፣ ክንፉ ሥር ካለው ዘንግ ላይ ሰቅዬው፣ እጄን ልታጠብ ሄድኩ።

ስመለስ የእትዬ የሺ ላም ቦራ እራቷን ጀምራለች።

የፎገራን ከብት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንገቱ ብቻ የአንድ ሰው ሙሉ ቁመና ነው። ቦራ በሶውን ስትልስ ቆይታ፣ የሚላሰው ሲያልቅባት የላስቲኩን ጫፍ ወደ አፏ አስገብታ ማኘክ ይዛለች። ሮጬ ሌላውን ጫፍ ያዝኩ። ሳብኩ። እሷም ሳበች። ላስቲኩ ረዘመ። እግሬን መሬት ላይ ተክዬ ወደ ኋላ ተለጠጥኩ፤ እሷ በዝግታ ወደ ኋላዋ ትሄዳለች፣ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ። ላስቲኩ አሁንም ረዘመ።

«ካፒቴን» አልኩ፣ «እርዱኝ እንጂ።»

ካፒቴን ይልማ ሣጥን ላይ ተቀምጦ የተቀቀለ ሽምብራ ይበላ ነበር። «ቆይ እስቲ» አለ። «በዚህ በኩል ልጥፍ አይታይም። ትንሽ ጨምር።»

«ልትውጠው ነው።»

«አልዋጠችውም። ጨምር።»

እትዬ የሺ ከቤታቸው ብቅ አሉ። «አንተ፣ ላሜን ልታንቃት ነው?»

«ላምዎ ናት አውሮፕላናችንን የምትበላ።»

«የተቀባ ነገር እደጅ የሰቀለ ማነው? ከብት ምን ታድርግ፣ በሶ ሲሸታት ጸሎት ታድርስ?» አሉና ድምፃቸውን ለወጥ አድርገው «ቦሬ፣ ነይ የኔ እመቤት» ብለው ጠሯት።

ቦራ አክብራ «እምቧ» አለች። ለማለት ደግሞ አፏን ከፈተች። ላስቲኩ አገሩን የናፈቀ ይመስል ወደ እኔ ተመለሰ። ደረቴን ብሎ አነሳኝና ከአዛባ ክምር ላይ ጀርባዬን አጋድሞ አስቀመጠኝ። ተኝቼ ሰማዩን ሳይ ካፒቴኑ መጣ። እኔን አላነሳኝም፤ ላስቲኩን አነሳ። ዘርግቶ ለካው፣ አጠፈው፣ በጣቱ ነካካው።

«ወደ መጠኑ ተመልሷል» አለ። «ሙከራውን አልፏል።»

እንግዲህ በኋላ ዘመን ስለ ላስቲክ ሙከራ ብዙ ሲባል ሰምቻለሁ። ከፎገራ ላም የሚበልጥ መፈተሻ ግን አላየሁም።

በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ የጉና ተራራ ራስ ጠቆረ። ማታውን ሲያጉረመርም አመሸና ሲነጋጋ የመጀመሪያው ዝናብ ወረደ። ጥቂት ቢሆንም የፎገራ አፈር ጥቂት አይፈልግም፤ ጥቁሩ መሬት ጫማ መያዝ ጀመረ። ጠዋት መሪጌታ ፈንታ የሰበሰቡልንን ጎልማሶች ይዘው ደረሱ። «ዛሬ ካልሄዳችሁ ነገ ታንኳ እናውሳችኋለን» አሉ።

ላስቲኩን ለመጠምጠም ክንፉ መነሣት አለበት። ጎልማሶቹ ገቡና አነሱት። እንደ ዕቃ ከባድ መስሏቸው ኖሮ ባንድ ትንፋሽ ከራሳቸው በላይ አደረጉት፤ የወዲያኛው ክንፍ መሬት ሊልስ ደረሰ።

«ዝቅ፣ ዝቅ» አልኳቸው።

«ኧረ አልከበደንም» አለ አንዱ።

«ለእናንተ አይደለም፣ ለእሷ ነው።»

ዝቅ አደረጉ። ጭቃ ውስጥ ተንጋልዬ ሹሩባውን ጠመጠምኩ፣ አጠበቅሁ፣ አሰርኩ። ክንፉን ሲለቁት አውሮፕላኗ በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ቆመች። እትዬ የሺ ጎንበስ ብለው እግሯን አዩና «አማረባት» አሉ። እኔ ግን ወደ ካፒቴኑ ጠጋ አልኩ። ያንን ላስቲክ ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው የለም፤ ስለማውቀውም ልቀመጥበት አልፈለግሁም።

«ካፒቴን፣ እኔ በደርሶ መኪና ልምጣ? እንዲቀልልዎት ብዬ ነው።»

«ላስቲኩን የሠራ ማነው?»

«እኔና እትዬ የሺ።»

«እትዬ የሺ ላም የሚያልቡ ናቸው። አንተ ግባ።»

ገባሁ። ሞተሩ ተነሣ። ጭቃውን እየረገጥን ሮጥን፤ ከብቱ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ከኋላችን እልልታ ሰማሁ። ጥቂት እንደ ሄድን አንድ ጉብታ ነካንና ሹሩባው ሥራውን ጀመረ። ያነሳናል፣ ይጥለናል፣ ከዚያ ከበፊቱ አብልጦ ያነሳናል። እንደ እንቁራሪት ፎገራን ዘለልነው። ጭንቅላቴ ጣሪያውን በመታ ቁጥር ቅዱስ ሚካኤልን እጠራለሁ፤ ጥርሴ ስለሚጋጭ ግን ስሙን አንድ ጊዜም አልጨረስኩለትም።

«ይህ ላስቲክ» አለ ካፒቴኑ መሪውን ይዞ፣ «ሞተርም የሚያስፈልገው አይመስለኝም።»

ከአንዱ ዝላይ አልተመለስንም። ወደ ታች ሳይ ሜዳው ከሥራችን ራቀ፤ የርብ ውኃ ዳር ዳሩን እያበራ ወደ ቆምንበት ቦታ መጎተት ጀምሯል። ሳቅ ያዘኝ። ምን እንዳሳቀኝ አላውቅም፤ ካፒቴኑም ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለት ሰው አንድ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ሆኖ በሹሩባ ሰማይ ወጥቶ ምን ያድርግ?

ቀኑ የአንበሳሜ ገበያ ነበር። ካፒቴኑ ቃሉን አልረሳም። ገበያው ላይ ሲደርስ ዝቅ አለ፣ የሞተሩን ድምፅ ቀነሰና «ጥራው» አለኝ። የበሩን ጋቢ ነቅዬ ራሴን አወጣሁና በሙሉ ሳንባዬ «ደርሶ! ደርሶ!» አልኩ።

ወዳጆቼ፣ ስም ስታወጡ ከሰማይ ሲጠራ ምን እንደሚመስል አስቡበት። ደርሶ የሰው ስም መሆኑን ያላወቀው ገበያተኛ ያሰበው ሌላ ነው። ደመና ጠቁሯል፣ ሰማይ እየጮኸ «ደርሶ» ይላል፤ ምን ይሆናል የደረሰው? ከላይ ስንመለከት ሰው ሁሉ እህሉን ትቶ ሲንበረከክ አየን። «ሾፌሩ እንዲህ የተከበረ ነው እንዴ?» አለ ካፒቴኑ። የሆነውን የነገረን ደርሶ ራሱ ነው፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ። አባትየው የመጨረሻው ቀን ደረሰ ብለው ቤታቸው ሮጠው ገቡና «በሉ እንግዲህ፣ ልጅቱ ሳትዳር ዓለም እንዳያልፍባት» ብለው ሽማግሌ ላኩበት። ዓለም ሳያልፍ ሲቀር ቃል ወጥቷልና ማጠፍ አልሆነላቸውም።

ባሕር ዳር ደረስን። መነሣት አንድ ነገር ነው፤ ማረፍ ሌላ፤ መነሣት የማይፈልግ ላስቲክ ይዞ ማረፍ ይቀላል። የእኛ ግን መነሣት ብቻ ነው የሚያውቅ።

ካፒቴኑ አውሮፕላኗን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ መሬት አስነካት። ሹሩባው ተቀበለንና መልሶ ሰጠን። ከሜዳው ዳር ያለውን ዛፍ ከላይ አየሁት። እንደገና ወረድን። እንደገና ወጣን።

«ደርሰናል ልበል?» አለ ካፒቴኑ በተለመደው ድምፁ።

«እርስዎ ካሉ ደርሰናል።»

«ቆይ፣ ገና ነን» አለ፤ ደግሞ ወርደን ወጥተን ነበርና።

በመጨረሻ ላስቲኩም ደከመው መሰለኝ፣ ወረድንና ወርደን ቀረን። ተንከባልለን ሄደን ሜዳው ጫፍ ላይ ቆምን። ሞተሩ ጠፋ። ወርጄ እግሯ ሥር ገባሁ። አንድም ክር አልተፈታም። እጄን ሹሩባው ላይ አድርጌ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

የሜዳው ዘበኛ፣ ካፖርቱ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ሰው፣ ጠመንጃውን አንግቶ እየሮጠ መጣ። ለካፒቴኑ ሰላምታ ሰጠ። ከዚያ እኛን አየ፣ አውሮፕላኗን አየ፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አየ።

«ጌታዬ» አለ፣ «አንድ አውሮፕላን ይመጣል ነበር የተባልኩ። እኔ ሲያርፍ ያየሁት አራት ነው። የቀሩት የት ገቡ?»

ካፒቴን ይልማ ቆቡን አወለቀና ላቡን ጠረገ።

«አልተመቻቸውም» አለው። «ተመልሰው ሄዱ።»

ዘበኛው ወደ ሰማይ አንጋጦ ቆየ። ከልቡ አዝኗል።

«ምነዋ» አለ፣ «ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ።»